ምቴን አስገብተው እኔን አወጡኝ

የእጄን ምት ማሽን ውስጥ አስገቡና እኔን ከመድረክ አወረዱኝ። በደሉ ይኼ ነው። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ነቀምቴ ውስጥ ይኼን ነገር የሚያወሩ አሉ። «ማሽን መጣና ሰውየውን ተካው» ይላሉ። ውሸት ነው። ማሽን እግር የለውም፣ መጥቶ ወንበር አይቀማም። ወንበሬን የቀማኝ ሰው ነው። እሱም የኪነት ቡድናችን የሙዚቃ ኃላፊ ነበር፤ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ የመጣ፣ ኦርጋን የሚጫወት፣ በቀትር ፀሐይ እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ስሙን አልጽፍም። የሠራብኝን ግን እጽፋለሁ። የሠራልኝንም እጽፋለሁ፤ ያልወደድኩት ሰው ቢሆንም አልዋሽበትም።

እኔ ድቤ መቺ ነኝ። አማራው ከበሮ የሚለውን እኛ ድቤ እንላለን። የተወለድኩት ጉቶ ጊዳ ገጠር ነው፤ ድቤ የለመድኩትም ሰርግ ላይ ነው፣ አስተማሪ አልነበረኝም። እናቴ ጴንጤ ነበረች። የድቤ ድምፅ ስትሰማ በሩን ትዘጋለች። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ነኝ። «ይኼ እጅ ለእግዚአብሔር ቢሆን ኖሮ» ትለኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ሲባል የበለጠ ያማል።

ካደግሁ በኋላ ነቀምቴ ገባሁ፤ ዛሬ ባኬ ጃማ በሚባለው በኩል ቤት ተከራይቼ ገበያ ውስጥ እህል ተሸከምኩ። አብዮቱ መጣ፣ ኪነት መጣ፣ «ድቤ የሚያውቅ ማን አለ?» ተባለ፤ ሰዎች እኔን ጠቆሙ። ፊደል የቆጠርኩትም ያኔ ነው፤ ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት። መጀመሪያ ያነበብኩት ኦሮምኛ ነው፣ በግዕዙ ፊደል ተጽፎ። አማርኛው በኋላ መጣ። ስለዚህ አጻጻፌ ቀጥ ካላለ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ካልታገሠኝም መብቱ ነው።

የድቤ አመታቴ እንደዚህ ነበር። ሰርግ ላይ ድቤ መቺ የሚያየው እግር ነው። ሽማግሌዎች ከገቡ ምቱን አወርደዋለሁ፤ ጉልበታቸው እንዳይዋረድ። ጎረምሶች ከገቡ እጨምርላቸዋለሁ። አንዷ ልጅ ትከሻዋ ከተፈታ እሷ ላይ እቆያለሁ፤ ሌላው ይጠብቅ። «ዘፈኑ ስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሙሽራዋ ስትደርስ ይጀመራል፣ ምግብ ሲቀርብ ይቆማል። ኪነት ከገባሁ በኋላም እንደዚያው መታሁ። ኃላፊውን ያበሸቀው ይኼ ነው።

«ጓድ» አለኝ አንድ ቀን፣ ከዝግጅት በኋላ። «ዛሬ የመታኸው ካጠናነው ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ስናጠና የነበሩት ሰዎች ዛሬ የሉማ።»

«እኔ ስለ ሰዎች አላወራሁም። ስለ ዘፈኑ ነው።»

«እኔ ደግሞ ስለ ሰዎች ነው የመታሁት።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እሱ ወረቀት ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ መግቢያ፣ ግጥም፣ አዝማች፣ መዝጊያ ብሎ የሚያሰላ። እኔ ስመታ ስሌቱ ሁሉ ይፈርስበታል።

ከዚያ ማሽኗ ከአዲስ አበባ ተላከች። ሁለት ጡብ ጎን ለጎን ቢቀመጥ የምታህል፣ ግራጫ፣ ላይዋ ላይ የጎማ ቁልፎች የተደረደሩባት ሳጥን ናት። አንዱን ቁልፍ ስትነካ ከበሮ ይሰማል፣ ሌላውን ስትነካ ጭብጨባ፣ ሌላውን ስትነካ ጽናጽል የሚመስል ነገር። ዋናው ተንኮሏ ግን ማስታወሷ ነው። የመታህላትን ትይዛለች፤ ሳትደክም ትደጋግመዋለች። ምቶቹን በተራ አሰልፈህ «ይኼ ይቅደም፣ ያ ይከተል» ካልካት ደግሞ ሙሉውን ዘፈን ከመግቢያው እስከ መዝጊያው ራሷ ትወጣዋለች። አንድ ቁልፍ ትነካለህ፣ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ።

«ና እስቲ ወንድሜ» አለኝ ኃላፊው። ያን ሰሞን ወንድሙ ሆንኩ። «የቄለም አገሩን ምት ስጣት።»

ሰጠኋት።

«የጊምቢውን ደግሞ። ያቺን የምታዘገያትን።»

እሷንም ሰጠኋት። ድቤ በመዳፍ፣ በጣት፣ ሲያስፈልግም በክርን ይመታል፤ ማሽኗ የምትፈልገው የጣት ጫፍ ብቻ ነው። ያቺን የማዘገያትንም ምት ወደ መስመር ሳበችብኝ፤ ተነጥፎ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ቀጥ አለች። «አስተካከለችልህ» አለኝ ሰውየው። አልተመቸኝም፤ ግን ተውኩት፤ «እጅህ እኮ ከእንግዲህ አይሞትም» ብሎኝ ነበርና። እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ ደረቱ የማይነፋ ድቤ መቺ ካለ አምጡልኝ።

የሚፈልገው ሁሉ ከገባ በኋላ ለልምምድ ብመጣ ወንበሬ የለም። ወንበሬ በነበረበት ትንሽ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ጠረጴዛው ላይ እሷ ተቀምጣለች።

«እኔስ?»

«አንተ ዕቃ ክፍል ታግዛለህ። ስፒከር፣ ገመድ፣ ጄኔሬተር።»

«ድቤዬስ?»

«አብሮ ይሄዳል። መድረኩ ላይ ለጌጥ ይሰቀላል።»

ለጌጥ አለ። ልክ እንደዚህ አለ።

ከአዳራሹ ፊት ለፊት ባትሪና ካሴት የሚሸጥ የጉራጌ አገር ሰው ነበር። ነቀምቴ ብዙ የቆየ ስለሆነ ሰላምታው ኦሮምኛ ነው፣ ተረቡ አማርኛ ነው፣ ሲናደድ ብቻ ወደ ጉራጊኛው ይመለሳል። ሱቁ በር ላይ ቆሜ አየኝ።

«ኦቦ፣ አካም ጅርታ! አዳራሹ ውስጥ ስትመታ እየሰማሁህ ነው። እዚህ ደግሞ ቆመሃል። መንታ አለህ እንዴ?»

«ማሽን ነው።»

«ያንተን ምት?»

«የእኔን ምት።»

ትንሽ አሰበና ከመደርደሪያው ባትሪ አንሥቶ ዘረጋልኝ። «በል እንካ፣ አንተም ጉረስና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥ። ምናልባት ይሳሳቱና ይቀበሉሃል።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን በጣም ተናደድኩ።

ከቡድኑ ጋር ወደ ወለጋ ከተሞች ወጣን። ሲሬ፣ አርጆ፣ እያልን እንዞራለን። እኔ ስፒከር አወርዳለሁ፣ ጄኔሬተር አስነሣለሁ፣ ድቤዬን ለጌጥ እሰቅላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሜ ሳዳምጥ ዘፈኖቹ ያምሩ ነበር። እያንዳንዱ ዘፈን ወገብ አውጥቷል። ሁሉም የት እንደሚገባ ያውቃል፣ የት እንደሚወጣ ያውቃል። ምቱ ደግሞ የእኔ ነው፤ አርጆ ላይ አንዲት እናት እሱን እየሰማች እስክስታ ስትወርድ አይቻለሁ። እየኮራሁ እንድናደድ፣ እየተናደድኩ እንድኮራ ተፈርዶብኝ ነበር።

ዘፋኛችን ቀልደኛ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ብዙ ሰርግ ዞሯል። እሱን ጠየቅሁት።

«ንገረኝ እስቲ። ከእሷ ጋር ይሻላል ወይስ ከእኔ ጋር?»

«አትቀየመኝም?»

«እቀየምሃለሁ። ተናገር።»

«ከማሽኗ ጋር ስዘፍን ትንፋሼን የት እንደምወስድ አውቃለሁ።»

«ከእኔ ጋርስ?»

«ካንተ ጋር ትንፋሽ የምወስደው አንተ ስትፈቅድልኝ ነው።»

ይኼ ከኃላፊው ይልቅ ወጋኝ፤ ልክ ነበርና።

ከዚያ ኑኑ ቁምባ ደረስን። ቀትር ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ አዝመራ ሰብስቦ በዓል አድርጓል፣ ሜዳው በሰው ሞልቷል። ኃላፊው ለዚያ ቀን አንድ ዘፈን አዘጋጅቶ ነበር፤ መሃሉ ላይ ለጌራርሳ ቦታ ከፍቶ። ጌራርሳ ሰው የሠራውን ሥራ በዜማ የሚናገርበት ነው፤ ፉከራ ነው፣ ግን ከፉከራ ይረዝማል። ሕጉ ቀላል ነው። ሰው ጌራርሳ ከጀመረ አይቋረጥም። ማቋረጥ «ትዋሻለህ» ማለት ነው፤ በአገራችን በዚህ ምክንያት ደም የተቃቡ አሉ። ድቤ መቺው ምቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሰውየው ጨርሶ ዱላውን ሲያወርድ ያኔ ሕዝቡ ይቀበለዋል። አደባባይ ላይ ጌራርሳ ከተከፈተ ደግሞ ለሁሉም ተከፍቷል፤ ሥራ የሠራ ሁሉ ሊነሣ ይችላል። ኃላፊው ይኼን አያውቅም ነበር። ዘፋኙ የሚላቸውን ስንኞች ለክቶ፣ የሚበቃቸውን ቦታ ማሽኗ ውስጥ አስቀምጦ ዘግቶታል።

ዘፋኛችን ሁለት ስንኝ እንዳለ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ። እንደ ደንቡ ነው። ዘፋኛችንም እንደ ደንቡ ቦታ ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ስለ ዲዴሳ በረሃ ጀመሩ። ጎሽ ተከትለው የወረዱበትን ነገሩን፣ ሣሩ ምን ያህል እንደሆነ ነገሩን፣ ጓደኛቸው ፈርቶ የቀረበትን ነገሩን። ጎሹ ከሣሩ ውስጥ ብድግ ሲል ማሽኗ ወደ አዝማቹ ገባች።

ጭብጨባው፣ ጽናጽሉ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ፈነዳ። ተቀባዮቻችን የሠለጠኑ ናቸው፤ «ሆ!» ብለው ተከተሉ። ጎሹ እንደተነሣ ቀረ። ሽማግሌው ዱላቸውን እንዳነሡ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ።

ኃላፊው ደንግጦ አቆማት። አቁሞ እንደገና ነካት። እሷ ደግሞ ከቆመች የምትጀምረው ከመግቢያው ነው። መግቢያው መጣ። ሜዳው ሳቀ፤ ግን ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች አልሳቁም። ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መነሣት ጀመሩ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ውጣ! ድቤህን አውርድና ምታ!»

«እኔ ገመድ ያዥ ነኝ፣ ጓድ።»

«አሁን የኩርፊያ ሰዓት ነው?»

«ኩርፊያ አይደለም። የሥራ ድርሻ ነው።»

ገመዴን ይዤ ቆምኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ለጌጥ የተሰቀለ ነገር ቤት ሲቃጠል ውኃ ቅዳ አይባልም።

የገበሬ ማኅበሩ ሴቶች ናቸው የታደጉን። አንዷ በእጇ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሉ፣ ዝቅ አድርገው። ሽማግሌው ከዲዴሳ ቁልቁለት አንድ ብለው እንደገና ጀመሩ። ኃላፊው ራሱ መጥቶ ሶኬቱን ነቀለው። እኛ፣ ከነቀምቴ ድረስ የመጣን ኪነት፣ መድረካችን ላይ እንደ እንግዳ ቆመን ሰማን። ጎሹ ሞተ። ሰዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ።

ስንመለስ መኪናው ላይ ኃላፊው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

«ሰውየው መቼ እንደሚጨርሱ በምን ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም። እጠብቃለሁ።»

«ማሽን አትጠብቅም።»

«ጠብቂ ያላት አለ?»

እኔም ያሰብኩበትን ተናገርኩ። «ወንበሬን መልስልኝ አልልህም። ወንበር አልለምንም። ማሽኗን አስተምረኝ። ምቱ የእኔ ነው፤ አሰላለፉንም ልወቀው።»

«ጽሑፏ እንግሊዝኛ ነው እኮ።»

«ጢም አብቅሎ ሀ ሁ ያለ ሰው ሁለተኛ ፊደል አያስፈራውም።»

አስተማረኝ። እዚህ ላይ የሚገባውን ልስጠው፤ ደህና አስተማሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ ሲሆን እንቀመጣለን። በትንሿ የመስታወት መስኮቷ ላይ የሚወጡትን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ ከብት ምልክት በቅርጻቸው ያዝኳቸው፤ ይኼኛው «አስቀምጥ» ነው፣ ያኛው «አጥፋ» ነው። አንድ ቀን «አጥፋ»ን ነክቼ የጊምቢውን ምት ከነዘሩ አጠፋሁት። ኃላፊው ራሱን ያዘ። እኔ እንደገና መታሁላት፤ በዚያውም ያቺን ዘግየት የምትለዋን ምት ወደ መስመር እንዳትስብብኝ የሚያደርገውን ቁልፍ ጠይቄ አወቅሁ። ቁልፉ እዚያው ነበር። ለካ ሰውየው ነበር ቀጥ እንዲል የወደደው።

የመጀመሪያውን ሙሉ ዘፈን ብቻዬን አሰለፍኩና አሰማሁት። መግቢያው አማረ፣ ግጥሙ አማረ፣ አዝማቹ አማረ፣ ሁለተኛው አዝማች አማረ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ምት መጣ፣ ደግሞ ሌላ።

«ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ክረምት?» አለኝ። «መቼ ነው የሚያባራው?»

በሕይወቴ ዘፈን ጨርሼ አላውቅም ነበር። ሰርግ ላይ ዘፈኑን የሚጨርሰው የሚቀርበው ወጥ ነው። እኔ መቼም መዝጊያ መርጬ አላውቅም፤ ሰው ሲቀመጥ እጄን አነሣለሁ እንጂ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ መዝጊያ ፈለግሁ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ፤ ሲገኝ ግን ጥርሴን ነክሼ ያለቀስኩ ያህል ሆነብኝ። ዘፈን በር አለው፤ በሩን ራስህ ስትዘጋው ደግሞ ውስጡ የነበረው ሁሉ ያንተ ይሆናል። ይኼን ያስተማረኝ የጠላሁት ሰው ነው።

የቀረው ጌራርሳው ነበር። ቦታውን ማስረዘም ምንም አይጠቅምም፤ የቱንም ያህል ብታስረዝመው ከዚያ የሚረዝም ሽማግሌ ይኖራል። ስለዚህ ዘፈኑን ለሁለት ቆረጥኩት። የመጀመሪያው ግማሽ ሲያልቅ ማሽኗ አንዲት ዝቅ ያለች ምት ላይ ትቀመጣለች፤ ሌላ ነገር እስክትባል እሷኑ እያዞረች እዚያው ትቆያለች። ሁለተኛው ግማሽ የሚጀምረው ቁልፍ ሲነካ ነው። ከላይዋ ላይ ደግሞ እኔ በድቤ ሰውየውን እየተከተልኩ እመታለሁ። ሁለቱም እጄ ድቤው ላይ ስለሆነ ጠረጴዛዋን ዝቅ አድርጌ ቁልፉን በክርኔ እነካዋለሁ።

«ይኼማ ሁለት ዘፈን ነው» አለ ኃላፊው።

«አንድ ነው። መሃሉ ላይ ሰው አለበት።»

ነገሩ ወደ ቡድኑ ስብሰባ ሄደ። ኃላፊው ያቀረበው እንዲህ ነበር፦ እኔ ወደ መድረክ ልመለስ፣ ግን ማሽኗን ብቻ እንድይዝ፤ ድቤው እንደተሰቀለ ይቅር፤ መድረክ ላይ ሁለት ከበሮ ምን ያደርጋል? እኔ ተነሥቼ «ወይ ከድቤዬ ጋር እቀመጣለሁ፣ ወይ እንደ ገመድ ያዥ እቀጥላለሁ» አልኩ። ወንበሩን ብቻ ቢሰጡኝ ኖሮ ማሽኗን ከአቧራ የማራግፍ ሰው ነበር የምሆነው። ሰብሳቢው ሰለቸውና «እንግዲህ ይሰማ» አለ።

ተቀመጥኩ። ድቤዬን ከተሰቀለበት አወረድኩት። ዘፋኙ መጀመሪያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ትንፋሼንስ?» አለኝ። «እኔን አትይ፤ ማሽኗን ስማ፤ በቦታው ነው» አልኩት። ጀመርን። ግጥሙ ሄደ፣ አዝማቹ ሄደ፣ ማሽኗ ዝቅ ያለችው ምት ላይ ተቀመጠች፣ ዘፋኙም ጌራርሳውን ከፈተ።

የከፈተው ግን በእኔ ነበር።

ኑኑ ቁምባ ላይ ጎሹ ሲነሣ ገመድ ይዞ የቆመውን ጀግና አወደሰ። ገመዱ እንዴት እንዳልፈራ፣ እሱ ግን እንዴት ከገመዱ ኋላ እንደቆመ ዘረዘረ። ቡድኑ ፈረሰ በሳቅ። ከዚያ ወደ እናቴ በር ሄደ፤ ከዚያ እህል ስሸከም ወደቅሁበት ጭቃ፤ ከዚያ «ጢሙ ሸብቶ ሀ ሁ የሚል» አለ። ኃላፊው ሳይቀር አፉን በእጁ ሸፈነ። ክርኔ ቁልፉ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብነካት አዝማቹ ይፈነዳል፣ የሱም አፍ ይዘጋል። እሱም ያውቃል፤ ለዚህ ነበር ዓይን ዓይኔን እያየ የሚያስረዝመው። ጀርባዬ በላብ ራሰ። ግን ሲደነፋ ድቤውን ከፍ አደረግሁለት፣ ሲያላግጥ ዝቅ አደረግሁለት። እኔኑ የሚሰድበኝን ሰው እንደ ሙሽራ አጀብኩት። ማሽኗም አብራኝ ጠበቀች።

ሲበቃው እጁን አወረደ። ያኔ ክርኔን ጣልኩት። አዝማቹ አናቱ ላይ ወደቀ፣ ተቀባዮቹ ገቡ፣ ዘፈኑ ሄዶ ሄዶ እኔ በመረጥኩለት በር ወጣ፣ በሩም ተዘጋ።

«ዱጋ» አለ ዘፋኙ፣ ላቡን እየጠረገ። እውነት ነው ማለቱ ነው። «ያቋርጠኛል ብዬ ነበር።»

ሰብሳቢው «ድቤውም ማሽኗም በአንድ ሰው እንዲያዙ የምትደግፉ?» ብሎ ጠየቀ። መጀመሪያ የተነሣው እጅ የኃላፊው ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ እንደተቆለፈ። የቀሩት ተከተሉ። እኔ እጄን አላነሣሁም፤ ለራሴ ድምፅ አልለምንም።

ከዚያ በኋላ በወለጋ ከተሞች ሁሉ በአንድ ወንበር ላይ ሁለቱን ስመታ ኖርኩ። ከእኔ በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው አላየሁም፤ ካለ ይምጣና ይናገር፣ እጠብቀዋለሁ። ጉዳዩ በዚያ ስብሰባ የተዘጋው ሚያዝያ 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው።